ለስፖርት መኪና የምቾት ወንበር ወይስ ባኬት ሲት? አዳማ ላይ ለሚነዳ ሰው ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ላይ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ብዙ አይደለም፣ ያለው ሁሉ ግን አንድ ቀን ስለ ባኬት ሲት፣ ማለትም ጎኑ ከፍ ብሎ ሰውነትን አጥብቆ ስለሚይዘው የውድድር አይነት ወንበር፣ ማሰቡ አይቀርም። ወይ ቪዲዮ ላይ ያያል፣ ወይ ጓደኛው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አንድ ጥንድ ቀይ ወንበር አግኝቶ ፎቶ ይልክለታል፣ ከዛ ወሬው ሁሉ ያምራል አያምርም ላይ ይቀራል። ማማሩንማ ያምራል፣ ማን ይክዳል። ግን ወንበር ከመቀየርህ በፊት ማየት ያለብህ መንገድህን፣ ወገብህን፣ ቀበቶህንና ኤርባግህን ነው፣ እሱን አንድ በአንድ እንሂድበት።

አቋሜን ቀድሜ ልንገርህ። መኪናዋን በየቀኑ ምትነዳት ከሆነ ሙሉ ባኬት አትግጠም። ጀርባው ሚተኛ ሆኖ ጎንና ጎንህን ጠበቅ አድርጎ ሚይዝ የፋብሪካ ስፖርት ወንበር ካለህ እሱን አሳምረህ ያዝ። ሙሉ ባኬት ለውድድር ለተዘጋጀች መኪና ወይ ሌላ የዘወትር መኪና ላለው ሰው ነው። ካልተስማማህም ችግር የለም፣ ቢያንስ አንብበህ ስትጨርስ በትክክል ትገጥማለህ።

1. ስለየትኛው ወንበር እንደምታወራ ለይ

ሰው ጎኑ ከፍ ያለ ወንበር ባየ ቁጥር ባኬት ይለዋል። ሶስት አይነት አድርገህ ብታስበው ይቀልሃል። የምቾት ወንበር የምንለው ስፖንጁ ወፍራም የሆነ፣ በኤሌክትሪክ ወደላይ ወደታች ሚሄድ፣ ወገብ ጋ ሚነፋ፣ አንዳንዱም ማቀዝቀዣና ማሳጅ ሁሉ ያለው ነው። ግማሽ ባኬት ወይ ስፖርት ወንበር የጭንና የትከሻ መያዣው ከፍ ይላል ግን ጀርባው እንደማንኛውም ወንበር ይተኛል፣ የሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር ቀይ ወንበሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሙሉ ባኬት ደሞ ከፋይበር ግላስ ወይ ከካርቦን አንድ ወጥ ሆኖ የተሰራ ቅርፊት ነው፣ ጀርባው ንቅንቅ አይልም፣ ላዩ ላይ ያለው ቀጭን ስፖንጅ ብቻ ነው።

ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ይሄን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁታል። ፖርሽ 911 ላይ፣ 992 በሚባለው ትውልድ፣ በ14 አቅጣጫ ሚስተካከልም በ18 አቅጣጫ ሚስተካከልም ወንበር ማዘዝ ይቻላል፣ እዛው ቤተሰብ ውስጥ ደሞ ጀርባው ጭራሽ ማይተኛ የካርቦን ባኬት አለ፣ ከፍታው በኤሌክትሪክ ወደፊትና ወደኋላው በእጅ። ቢኤምደብሊው ለኤም3 እና ኤም4 ሚሰጠው የካርቦን ወንበር መሃል ላይ ያለ ነገር ነው፣ በኤሌክትሪክ ይስተካከላል ይሞቃልም፣ ግን መቀመጫው ላይ በሁለቱ ጭንህ መሃል ብቅ ያለ ካርቦን አለ፣ ስትገባና ስትወጣ መኖሩን አትረሳውም። የፊቱ ጥንድ ወንበር ከተለመደው ጥንድ ኤም ወንበር 9.6 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል ይላል ቢኤምደብሊው። ያ ማለት የ13 ሊትር ገደማ ቤንዚን ክብደት ነው። ታንክህን ሳትሞላ ብትወጣ በነፃ ታገኘዋለህ ማለቴ ነው።

ክብደት ካነሳን አይቀር፣ ሞተር ያለው የፋብሪካ ወንበር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ የፋይበር ግላስ ባኬት ከ10 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል ግን መግጠሚያ ብረቱንና ሃዲዱን ስትደምር ትርፉ ይቀንሳል። አዳማ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ከ100 እጅ 15 ያህሉን በአየር መሳሳት ያጣል። ያን ያህል ያጣ መኪና ወንበር ስለቀየርክለት አይበርም፣ ስለዚ ክብደትን ምክንያት አታድርገው።

2. መንገድህን ቁጠር

ወረቀት አውጣና በሳምንት ውስጥ መኪናዋ የት የት እንደምትሄድ ፃፍ። ምትመኘውን ሳይሆን የምትሄደውን።

አብዛኛው የአዳማ ሰው ረጅም ጉዞው በ2007 ዓ.ም በተከፈተው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ነው። 80 ኪሎሜትር ገደማ፣ ቀጥ ያለ፣ ፍጥነቱ እስከ 120። እዛ መንገድ ላይ ባኬት ሚሰራው ስራ የለም፣ ምክንያቱም የባኬት ስራ መኪናው ሲታጠፍ ሰውነትህን መያዝ ነው፣ እጅህ መሪውን ለማዞር ብቻ እንዲሆን እንጂ መሪውን ተንጠልጥለህበት እንዳትነዳ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሚጎትትህ ነገር ስለሌለ የሚተርፍህ ጠንካራ ቅርፊትና ላብ ነው። በተቃራኒው ወገብ ጋ ሚስተካከል ወንበር እዚ መንገድ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

በዴራና በኢተያ አድርጎ ወደ አሰላ ሚወጣው መንገድ ሌላ ነው፣ ዳገትና ኩርባ ስላለው ጥሩ ጎን ያለው ወንበር እውነትም ደስ ይላል። ግን የህዝብ መንገድ ነው፣ ከኩርባው ጀርባ ከብት ወይ ጋሪ ሊጠብቅህ ይችላል፣ እዛ ጋ ሙሉ ባኬት ሚያስፈልገው አይነት አነዳድ እየነዳህ ከሆነ ችግሩ ወንበርህ አይደለም። ለእንደዚ አይነት መንገድ ግማሽ ባኬት ከበቂ በላይ ነው።

ከተማ ውስጥ ደሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፍራንኮ፣ ፖስታ ቤት፣ ኮብልስቶን ሰፈር፣ ስፒድ ብሬከር፣ ባጃጅ ከግራ ባጃጅ ከቀኝ። አንድ ሰው ብዙ ማያስበው ነገር፣ የወንበር ስፖንጅና ከስሩ ያለው ሞላ የመኪናው ሾክ አብሶርበር ያልጨረሰውን ንዝረት ሚጨርስልህ እሱ ነው። ስፖርት መኪና ሲጀመር ሞላው ጠንካራ ጎማው ቀጭን ነው፣ እሱ ላይ ሁለት ጣት ማይሞላ ስፖንጅ ካደረግክ እያንዳንዱ ድንጋይ አከርካሪህ ላይ ይቆጠራል። በቀን ስንቴ ትገባለህ ትወጣለህ ሚለውም አለ። ባኬት ጎኑ ከፍ ስላለ በሱ ላይ ተንሸራተህ ነው ምትወጣው፣ በር በኩል ያለው ጎን ቶሎ ያልቃል፣ ቀሚስ ለምትለብስ ሴትም ሆነ ለእናትህ ለአባትህ ስቃይ ነው። እማማን ቤተክርስቲያን ማድረስ ያለበት ሰው ይሄን አስቀድሞ ያስብ።

ሙቀቱን አትርሳ። ከየካቲት እስከ ግንቦት ፀሀይ ላይ የቆመች መኪና ውስጥ ጥቁር ቆዳ ላይ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለአዳማ ሰው አይነገርም። ፋይበር ግላስ ቅርፊት አየር አያሳልፍም፣ ጀርባህ ረጥቦ ነው ምትወርደው። አልካንታራ ሚባለው ቬሉር መሳይ ጨርቅ ከቆዳ ያነሰ ነው ሚግለው ግን አቧራ ይወዳል፣ እኛ ጋ ደሞ ንፋሱ ተርባይን ሚያዞር ንፋስ ነው፣ አቧራውም ከሱ ጋር ነው ሚመጣው። ለስላሳ ብሩሽና እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል፣ በረኪና ምናምን እንዳታስነካው። ለዚ ከተማ ከጠየቅከኝ ጥሩ ጨርቅ ያለው ወንበር ከሁሉም ይሻላል፣ ሰው ቆዳ ካልሆነ ርካሽ ይመስለዋል እንጂ።

3. ሰውነትህን ለካ

የምቾት ወንበር ለሁሉም ሰው ይሆናል ተብሎ ነው ሚሰራው፣ ባኬት ግን እንደ ጫማ ቁጥር አለው። ጠንካራ በርጩማ ላይ ቁጭ በል፣ ዳሌህ ግራና ቀኝ ሁለት መፅሀፍ ለጠፍ አድርገህ አስይዝ፣ በመፅሀፎቹ መሃል ያለውን በሜትር ለካ። ቆመህ አትለካ፣ ሰው ሲቀመጥ ይሰፋል። እዛ ላይ ሁለት ሶስት ሳንቲሜትር ጨምር፣ ከዛ የወንበሩን የውስጥ ስፋት መቀመጫው ጋ ለካና አወዳድር። ከጠበበ ጭንህ ጎን ያለውን ነርቭ ይጫነውና እግርህ ይደነዝዛል፣ ከሰፋ ደሞ ባኬት መግዛትህ ትርጉም የለውም ውስጡ ትዋኛለህ። ትከሻህንም በዛው ለካ። ከአንድ ሰው በላይ ሚነዳት መኪና ከሆነች እዚጋ አቁም፣ ሚስትህና አንተ አንድ አይነት ዳሌ ከሌላችሁ ባኬቱ የአንዳችሁ ነው ሚሆነው።

ወገብ ሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ለስላሳ ወንበር ይፈልጋል። ሁሌ ልክ አይደለም። ወገብ ሚያመው በብዛት ዳሌው ወደፊት ተንሸራቶ ታችኛው ጀርባ ሲጎብጥ ነው፣ ቅርፁ ልክ የሆነ ጠንከር ያለ ወንበር ከለስላሳ ሶፋ የተሻለ ሊይዝህ ይችላል። ልዩነቱ የምቾት ወንበር ካልተስማማህ ቁልፍ ተጭነህ ታስተካክላለህ፣ ሙሉ ባኬት ካልተስማማህ አለቀ። የዲስክ ችግር እንዳለብህ ሀኪም ከነገረህ መጀመሪያ ሀኪምህን ጠይቅ፣ ጋራዥ አይደለም ሚጠየቀው።

4. ተቀምጠህ ሞክር፣ ግን በትክክል

የኋላ ኪስህ ውስጥ ያለውን ዋሌትና ስልክ አውጣ። ቂጥህን እስከመጨረሻው ወደኋላ አስጠጋ። ፍሬኑን እስከ ታች ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ መታጠፍ አለበት፣ ቀጥ ካለ ሩቅ ነህ። ፍሪሲዮን ካለ እሱንም እንደዛው። ትከሻህ ከወንበሩ ጀርባ ሳይላቀቅ የእጅህ አንጓ የመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ጭንቅላትህና ጣራው መሃል ጭብጥህ ሚያህል ክፍተት ይኑር፣ ሄልሜት ምታደርግ ከሆነ ሄልሜቱን አድርገህ ለካ።

ባኬት ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ነው ሚገጠመው። አጠር ያለ ሰው ኮፈኑን አሻግሮ ማየት ካቃተው ውበቱ ምን ያደርጋል። ከዚህ በላይ ሚያሳስበኝ ግን ከጭንቅላት ግራና ቀኝ ክንፍ ያላቸው የውድድር ወንበሮች ናቸው። እነሱ የተሰሩት በአደጋ ጊዜ ጭንቅላት ወደጎን እንዳይወረወር ነው፣ ውድድር ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው ሚሄደው፣ ከጎን ሚመጣ የለም። አዳማ መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን አንገትህን አዙረህ ባጃጁን ማየት አለብህ። ክንፍ ያለውን ለከተማ መኪና በፍፁም።

ከቻልክ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥበት። ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሁሉም ወንበር ጥሩ ነው።

5. ኤርባግና ቀበቶ

እዚጋ ነው ብዙ ሰው ሚያልፈው፣ እኔ ግን ሌላውን ሁሉ ብትዘል ይሄን አንብብ።

ከ2000ዎቹ ፈረንጅ አቆጣጠር ወዲህ የተሰሩ ብዙ መኪኖች የጎን ኤርባግ ወንበሩ ውስጥ ነው ያለው። ወንበሩን ስታወጣ ኤርባጉንም አወጣህ ማለት ነው። በዛ ላይ የቀበቶው መቆለፊያ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ ነው ሚታሰረው፣ አንዳንዱ ላይ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን ሚስበው መሳሪያም አብሮ አለ፣ ተሳፋሪው ወንበር ስር ደሞ ሰው መቀመጡን ሚያውቅ ሴንሰር አለ፣ እሱ ከሌለ የፊት ኤርባጉም ላይሰራ ይችላል። ወንበሩ ሲወጣ ዳሽቦርድ ላይ የኤርባግ መብራት ይበራል። ከዛ ኤሌክትሪሺያኑ ‘ችግር የለውም ሬዚስታንስ እናስርለታለን’ ይልሃል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ አንተም ተስተካከለ ብለህ ትሄዳለህ። የተስተካከለው መብራቱ ነው። ኤርባጉ የለም።

ስትፈታ ቁልፉን አጥፋ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዛ ነው ወንበሩ ስር ያለውን ቢጫ ሶኬት ምትነቅለው። ሳይገጠም ቁልፍ አታብራ።

ወደ ቀበቶ ስንመጣ፣ የመኪናው ባለሶስት ነጥብ ቀበቶ የታችኛው ክፍል የዳሌ አጥንትህ ላይ ተለጥፎ ማለፍ አለበት። ባኬቱ ጎኑ ከፍ ስላለ ቀበቶው ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ ከሆድህ በላይ ካለፈ በግጭት ጊዜ ሆድህን ነው ሚቆርጠው። ጥሩ ባኬት ጎኑ ላይ ቀበቶ ሚያልፍበት ቀዳዳ አለው፣ መቆለፊያው በሱ በኩል መድረስ አለበት። ካልደረሰ ያንን ወንበር ተወው።

ባለ 4 ነጥብ ሃርነስ (የውድድር ቀበቶ) ገዝቶ ከኋላ ወንበር ቀበቶ ቀዳዳ ላይ ሚያስር ሰው አለ። ሁለት ችግር አለው። አንዱ፣ የትከሻው ማሰሪያ ከትከሻህ ወደኋላ ሲሄድ ከአግድሙ ከ45 ዲግሪ በላይ ወደታች መውረድ የለበትም፣ የኤፍአይኤ (የዓለም የመኪና ውድድርን ሚመራው ድርጅት) ደንብ ከ10 ባይበልጥ ይመክራል፣ ወደ ወለል ከወረደ ግን በግጭት ጊዜ አከርካሪህን ወደታች ይጨፈልቀዋል። ሁለተኛው፣ በእግር መሃል ሚያልፍ ማሰሪያ ስለሌለው ከስሩ ሾልከህ ትወርዳለህ፣ ለዛ ነው ውድድር ላይ ባለ 6 የሚጠቀሙት። ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ እንኳን ሮል ኬጅ ወይ ሮል ባር (መኪና ሲገለበጥ ጣራው እንዳይወርድ ሚይዝ ብረት) ከሌለ መኪናው ተገልብጦ ጣራው ሲወርድ አንተ ቀጥ ብለህ ታስረህ ትጠብቀዋለህ። ለመንገድ የፋብሪካው ቀበቶ ይሻላል፣ እዚ ላይ ክርክር የለኝም።

ልጅ ካለህ ደሞ የህፃን ወንበር ባኬት ላይ በስርዓት አይቀመጥም፣ ሁለት በር መኪና ከሆነች ጀርባው ስለማይታጠፍ ከኋላ መግባቱም አለቀለት።

6. ልትገዛ ከወሰንክ ምን ትመረምራለህ

ሬካሮ፣ ስፓርኮ፣ ብራይድ ሚል የታወቁ ወንበር ሰሪዎች ስም ያለበት ሁሉ የነሱ አይደለም። ሬካሮ ከ1906 ጀምሮ ሽቱትጋርት ላይ የመኪና አካል ሲሰራ ከነበረው የሮይተር ድርጅት ወጥቶ ከ1963 ወዲህ ወንበር ላይ ያተኮረ ነው፣ ስፓርኮ በ1977 ቶሪኖ ጣልያን የተመሰረተ ነው፣ ስማቸው ትልቅ ስለሆነ በነሱ ስም ሚሰፋው ኮፒም ብዙ ነው። ሎጎውን ተወውና የኤፍአይኤ መለያውን ፈልግ፣ ወንበሩ ላይ የተለጠፈ፣ የደረጃ ቁጥርና የተመረተበት ወርና ዓመት ያለበት። 8855-1999 የሚለው ደረጃ ከተመረተበት 5 ዓመት ነው ለውድድር ሚፀናው፣ 8862-2009 ደሞ 10 ዓመት። ጀርባው ሚተኛ ግማሽ ባኬት ላይ ይሄን መለያ አትጠብቅ፣ እሱ ሌላ መስፈርት ነው ያለው።

ያገለገለ ከሆነ ጨርቁን ገለጥ አድርገህ ቅርፊቱን እይ፣ በተለይ የጎን ቡሎን ሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ። ፀጉር ሚያህል ስንጥቅ ካየህ ወይ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ቦታ ካለ አትግዛ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ ሊሆን ይችላል። ፋይበር ግላስ እንደ ብረት ጎብጦ አያሳይህም።

7. መግጠሙ

‘አምጣው ብቻ፣ ላሜራ ቆርጠን በይደን እንሰጥሃለን’ ሚል ጋራዥ በየሰፈሩ አለ። ለመኪናህ ሞዴል የተሰራ መግጠሚያ ካለ እሱን አስመጣ፣ በፋብሪካው የወንበር ቀዳዳ ላይ ሚቀመጥ። ከሌለና ማሰራት ግድ ከሆነ የኤፍአይኤን ዝቅተኛ መስፈርት አስይዛቸው፣ ለአንድ ወንበር ከወለል ጋር ሚያያዝበት ቢያንስ 4 ቦታ፣ ቡሎኑ ከ8 ሚሊ የማያንስ፣ ብረቱ ከ3 ሚሊ የማይቀጥን፣ አልሙኒየም ከሆነ 5 ሚሊ። ቡሎኑ አናቱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ቁጥር ይኑረው፣ ምንም ያልተፃፈበት ቡሎን አትቀበል። ወለሉን በስተው አዲስ ቀዳዳ ካወጡ ከስር ሰፊ ላሜራ ይደረግ፣ አለዚያ ቡሎኑ በግጭት ጊዜ ስስ የሆነውን ወለል ቀዶ ይወጣል። ወንበሩ መሪው ፊት ለፊት ቀጥ ማለቱንም በሜትር አረጋግጥ፣ ትንሽ ከተጣመመ አዲስ አበባ ስትደርስ ወገብህ ይነግርሃል።

8. ሳትቀይር ማሻሻል

ይሄን መንገድ ነው ለብዙ ሰው ምመክረው። ጥሩ ታፒሴሪ ቤት ውሰደውና የሞተውን ስፖንጅ አስቀይር፣ የጎኑን ስፖንጅ ጠንከር ባለ አስተካክል፣ ወገብ ጋ ትንሽ አስጨምር። ወንበርህ ያረጀ ስፖርት ወንበር ከሆነ ግማሹ ቅሬታህ እዚጋ ያልቃል፣ ኤርባጉም ሴንሰሩም በቦታው ይቆያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ የጎን ኤርባግ ያለበት ወንበር ጎኑ ላይ ያለው ስፌት ኤርባጉ ሲፈነዳ ቶሎ እንዲቀደድ ተደርጎ ነው የተሰፋው። ታፒሴሪው በወፍራም ክር ደርቦ ከሰፋው ወይ ጎኑን ጥብቅ አድርጎ ሚሸፍን ሲት ከቨር ካለበስክበት ኤርባጉ መውጫ ያጣል። አብዛኞቻችን መኪና ስንገዛ መጀመሪያ ምናደርገው ሲት ከቨር ማልበስ ነው፣ ከነፌስታሉ ሚነዳም አለ። ጎኑ ክፍት የሆነ ከቨር ፈልግ፣ ታፒሴሪውን ደሞ ያንን ስፌት እንዳይነካ ቀድመህ ንገረው።

ባኬቱን ግድ ገጥመህ ከሆነ ከሳምንት በኋላ ሁሉንም ቡሎን በቁልፍ ዞር ዞር አድርገህ እይ፣ ኮብልስቶን ላይ መላላቱ አይቀርም። የፋብሪካውን ወንበር አትሽጥ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ላንተ ሞዴል ኤርባጉ ደህና የሆነ ወንበር ደግሞ ማግኘት እየከበደ ነው ሚሄደው፣ መኪናዋን ስትሸጥም ገዢው መጀመሪያ ሚጠይቅህ እሱን ነው። አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ፣ በጨርቅ ሸፍነህ፣ ቢጫ ሶኬቱን ንፁህ ፌስታል አስረህበት አስቀምጠው፣ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ምናምን ምንም እንዳትነካካ።